ያልቀመስኩት ናሙና

ሰውን እንደ ዘይት መቅመስ ቢቻል ኖሮ፣ ከፋብሪካችን ሠራተኛ ግማሹን ገና ከንፈሬ ሳይደርስ በጠረኑ ብቻ እመልሰው ነበር። ይህን የምለው ተቆጥቼ አይደለም። ሥራዬ ነው። በቱርክ አይቫሊክ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ባለው የሂክመት በይ የወይራ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ የቀማሾች ቡድን አለቃ ነኝ። የትኛው ዘይት በአንደኛ ደረጃ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ለሳሙና እንደሚሄድ የምንወስነው እኛ ነን።

የሙያው ሕግ ጥብቅ ነው። ቀለሙ ዓይንን እንዳያታልል ዘይቱ የሚቀርበው በሰማያዊ ብርጭቆ ነው። ቀማሽ ሽቶ አይነካም፣ ከንፈሩን አይቀባም፣ ከሥራ በፊት ቡና አይቀምስም። እያንዳንዱ በየራሱ ከለላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሁሉም በላይ ማንም ማንንም ሳይሰማ ይፈርዳል። አንዱ «እህህ!» ብሎ ፊቱን ካጨማደደ የቀሩት ምላስ አለቀለት፤ ደህናው ዘይት እንኳ ይሸታቸዋል። ሰው እንዲህ ነው። የራሱን ምላስ ከማመን የጎረቤቱን ፊት ማመን ይቀለዋል።

ሽቶና የከንፈር ቀለም ለሴቶቹም የተከለከለበት ሥራ ለእኔ ጥሩ መሸሸጊያ ሆኖ ኖረ። ምክንያቱም እኔ፣ ወንድ ተብዬ ባድግም፣ ሴት ነኝ። ይህን የምናውቀው እኔ፣ ኢዝሚር ከተማ ያለችው ሐኪሜና ታይላን ብቻ ነበርን። ለሌላው ሁሉ ኢልካይ በይ፣ አቶ ኢልካይ ነበርኩ፤ ዝምተኛው፣ ያላገባው፣ በበጋም ሹራብ የማያወልቀው አለቃ። አባቴ ያወጣልኝ ስም በአገራችን ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ሳያውቅ የዋለልኝ ብቸኛ ውለታ ነው።

ታይላን የሂክመት በይ አንድ ልጅ ነው። ውጭ አገር ንግድ ተምሮ ሲመለስ አባቱ «ቅምሻ ሳያውቅ ዘይት የሚሸጥ ልጅ የለኝም» ብለው ወደ እኔ ላኩት። ብርጭቆውን በመዳፉ አቅፎ እንዲያሞቀው አሳየሁት። ዘይቱን እንዲያሸት ነገርኩት፤ እሱ እኔን ያያል።

«ዓይንህን ወደ ሥራህ መልስ» አልኩት።

«ሥራዬ ላይ እኮ ነኝ» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእግሩ ኮቴ ደረጃው ላይ በተሰማ ቁጥር ምላሴ ሥራውን ይረሳ ጀመር። ለአንድ ቀማሽ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። እርሱ የባለ ፋብሪካ ልጅ፣ እናቱ ከመርከብ ባለቤቶች ቤት ሙሽራ የምትመርጥለት፤ እኔ ደግሞ የወይራ ለቃሚ ልጅ፣ ከአንዲት የዓሣ አጥማጅ መበለት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር። ከዚያ በላይ ያለውንም እንቅፋት እኔው አውቀዋለሁ።

እውነቱን የነገርኩት ወደ ጁንዳ ደሴት በምታሻግረው ጀልባ ላይ ነው። ከተናደደ ነፋሱ ቃሉን ይውሰድልኝ ብዬ ይሆናል ቦታውን የመረጥኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ማዕበሉን አየ፣ አየ፣ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ፣

«ታዲያ እስከ ዛሬ የወደድኩት ማንን መሰለሽ?» አለኝ።

በቃ። ከዚያች ቃል በኋላ ስለ እርሱ ምንም አልመረመርኩም። በእኛ ሙያ መለኪያ የሚባል ናሙና አለ። ጥሩነቱ አንዴ ተረጋግጦ ይቀመጥና ሌላው ዘይት ሁሉ ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል። ታይላን የእኔ መለኪያ ሆነ። ጀልባዋ ስትመለስ እጄን በኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ነበር፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድን ወደድኩት።

✻

ሕክምናዬ እየቆየ ሲሄድ ሰውነቴ ከሹራቡ ጋር ተባብሮ መዋሸት አቃተው። የዚህ ዓመት ለቀማ ሳያልቅ በራሴ መልክ ሥራ እገባለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሥራዬን አልለቅም፤ የቡድኑን አለቅነት በምላሴ ነው ያገኘሁት፣ በሱሪዬ አይደለም።

ለታይላን ስነግረው መኪናው ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የጥድ ጫካ ሥር ነበርን።

«አትቸኩዪ ነፍሴ» አለኝ። «መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው። ምን እንደሚያስቡ ሳታውቂ ዘለሽ ብትገቢ ይቦጫጭቁሻል። እኔ አንቺን ሲቦጫጭቁ ቆሜ ማየት አልችልም።»

«ደህና ሆነው ከተገኙስ?»

«ከተገኙማ እኔ ራሴ ክንድሽን ይዤ በዋናው በር አስገባሻለሁ። አባቴ ፊት። ካልሆነ ግን ኢዝሚር ቤት እከራይልሻለሁ። ማንም የማያውቅሽ ሠፈር። በየሳምንቱ እመጣለሁ።»

«በየሳምንቱ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬን ከነከነችኝ። ግን መለኪያ አይመረመርምና ዋጥኳት። መጀመሪያ መመዘን፣ ቀጥሎ መወሰን፤ ሐሳቡ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበር። ደስ አለኝ እንኳ። ክንዱን ተንተርሼ ሰዎቹን እንዴት እንደምፈትናቸው ሳወጣ ሳወርድ፣ ዓለም ሁሉ መልሱ የሚታወቅ ጥያቄ መሰለኝ።

✻

የምሳ ቤቱ ጠረጴዛ ረጅም ነው። በዚያን ቀን ቦሎቄ ወጥ፣ ሩዝና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ ቀርቦ ነበር። ታይላን ከሠራተኛው ጋር የሚበላበት ቀን ስለነበር ከራስጌው ተቀምጧል። አጠገቤ የመጭመቂያው ኃላፊ ጋሽ ሪፋት፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ የቡድኑ አንጋፋ ቀማሽ እትዬ ሙኔቬርና የላቦራቶሪዋ ልጅ ጎንጃ ነበሩ። ከጫፍ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ቀማሾቻችን፣ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ።

ናሙናዬን ጣልኩ።

«ቡርሳ ከተማ ያለው የአጎቴ ልጅ ትዝ ይላችኋል? ባንክ የሚሠራው? ሴት ነኝ ብሎ፣ መልኩንም ልብሱንም ለውጦ ሥራ ገባ አሉኝ። ማለቴ፣ ገባች።»

የአጎት ልጅ የሚባል ቡርሳ የለኝም።

ጋሽ ሪፋት አፉን ጠረገና፣

«ባንኩ ታዲያ ምን አለ? ወለድ ጨመረላት?» አለ።

ሳቅ።

«አስተግፊሩላህ!» አለች እትዬ ሙኔቬር። «እኔ ለእናትየዋ ነው የማዝን። ወንድ ወለድኩ ብላ ስንት በግ አርዳ ይሆናል!»

«በጉ ነው የተጎዳው» አለ ጋሽ ሪፋት። «በከንቱ ሞተ።»

ከታላቁ ወንድም አፍ ሩዝ ፈነጠቀ። ጎንጃ ስልኳ ጀርባ ላይ ስለ መብት የተጻፈ ተለጣፊ አላት፤ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችና አብራ ሳቀች። ያን ጊዜ ጋሽ ሪፋት ዓይኑን ወደ ራስጌው፣ ወደ ታይላን ወረወረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ምን ይደረግ! ቆርቆሮው ተቀባ እንጂ ዘይቱ ያው ነው!» አለ።

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ታይላን ፊቱን ወደ ሳህኑ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እንባ ይዞት ነው አልኩ። ለእኔ ብሎ! እኔ ዘይት ቀማሿ፣ ከአሥር እርምጃ የሚሸት ጠርሙስ የምለየዋ፣ የሚስቅን ሰው የሚያለቅስ አድርጌ አየሁት።

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ሐዘን አልነበረም፤ ንቀት ነበር። እነዚህን ሰዎች ዓመታት አሠልጥኛቸዋለሁ። ምላሳቸውን ሞርጄላቸዋለሁ። ምላሱን የሞረድኩለት ሁሉ በምላሱ ወጋኝ።

✻

ማታ ታይላን ስልክ ደውሎ፣

«አየሽ?» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ነግሬሽ ነበር። ኢዝሚር የሚከራይ ቤት አይቻለሁ፤ ባሕሩ ይታያል።»

«እሺ» ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት ለቅምሻ ስንቀመጥ፣ ታናሹ ወንድም ብርጭቆውን አሽትቶ «ኤጭ» ሲል እንደ ልማዴ «አፍህን!» ብዬ ጮህኩበት፤ ጮሄም ደርቄ ቀረሁ።

ምን ዓይነት ጅል ነኝ? አንድ «ኤጭ» ቅምሻን እንደሚያበላሽ የማስተምር እኔ፣ የሕይወቴን ትልቁን ናሙና በቦሎቄ ወጥ ዙሪያ፣ ሁሉም ሁሉንም እየሰማ አስቀመስኩ! ያ ጠረጴዛ የነገረኝ ሪፋት ምን እንደሚል ብቻ ነው። የቀረው ማሚቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ የመጣልኝን ሠልጣኝ በር ዘግቼ አስወጣዋለሁ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። በሕጉ መሠረት፤ አንድ በአንድ፣ በየከለላቸው።

ጎንጃን ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት።

«ስለዚያች የአጎቴ ልጅ» አልኳት፣ «አንቺ የእውነት ምን ትያለሽ?»

ወደ በሩ አየች። ማንም እንደሌለ ስታውቅ ደረቷን ነፋች። «እኔ እኮ ሁሉንም እደግፋለሁ ኢልካይ በይ! ሰው የፈለገውን መሆን መብቱ ነው። ትናንት የሳቅኩት… ሁሉም ስለሳቀ ነው።» ብርጭቆውን አንዴ አዙራ አጠበችው። «ግን ልብስ የምትቀይረው ከሴቶቹ ጋር ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እ… እንደዚያ ከሆነማ ለየት ያለ ክፍል ቢሠራላት ለራሷም ደስ ይላት ነበር።»

ከስልክ ጀርባ የማይወርድ ድጋፍ! ግን ጥላቻ አልነበረም። እንደ ውኃ የቀጠነ ነገር ነበር፤ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ይህንንም ለይቼ ያዝኩት።

እትዬ ሙኔቬር በቅምሻ መካከል ምላስ የምናጠራበትን ፖም እየቆራረጠች ነበር። ጥያቄዬን ስትሰማ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ አሏህ የፈጠረውን እኔ አርሜ አላውቅም። በሰው ገላ ደግሞ አልገባም፤ የገዛ ጣጣዬ ይበቃኛል። ግን ንገራት፤ ሴት ስትሆን ደሞዟን ይቆርጧታል። አስባበታለች?»

«አላሰበችበትም።»

«አየህ! ገና ወንድ ናት።» ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌሊቱን ለእናትየዋ ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርኩ። ሰው ፊት ግን እንዲህ አልልም፤ ሪፋት ዓመቱን ሙሉ ይቀልድብኛል» አለች።

ሁሉም ሪፋትን ይፈራል። ሪፋት ማንን ይፈራ ይሆን?

ወደ መጭመቂያው ወረድኩ። ማሽኑ ስለሚጮህ ጋሽ ሪፋት ጆሮውን ወደ አፌ አስጠጋ። ጥያቄውን ደገምኩለት። የተቀባባ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ለመሆኑ ሥራዋን ታውቃለች?»

«አዎ። ከማንም በላይ።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? አንተ ሰው፣ እኔ እዚህ ቤት ያቃጠለኝ ሥራ የማያውቅ ወንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞልቷል።» አገጩን ወደ ላይኛው ቢሮ ቀሰረ። «ባለፈው ዓመት ያ ታንከር ሲበላሽብኝ ቀድሞ ያሸተተልኝ ማነው? አንተ። ሽማግሌው፣ ሂክመት በይ፣ ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ ገበያ ላይ ሎሚ እሸጥ ነበር። የአጎትህ ልጅ እንዳንተ ያለ አፍንጫ ካላት ቀሚስም ትልበስ፣ ከፈለገች መረብ ትልበስ።»

«ታዲያ ያ የቆርቆሮው ነገር?»

«እሱማ የኔ አይደለም።» ፈገግታው ጠፋ። «ለሳቅ ነው የተበደርኩት። ባለቤቱ እዚያው ስለነበር አየት አደረግኩት፤ ቅር ይለው እንደሆን ብዬ። እሱ ደግሞ ሳቀ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

ጋሽ ሪፋት ማሽኑን አጠፋ።

«ታይላን በይ ነዋ» አለ። «ባለፈው የታንከሩን ቁልፍ ልወስድ ቢሮ ብገባ አባትና ልጅ ተፋጠዋል። ሽማግሌው ‹ሙሽራይቱን የምታጉላላት ለምንድን ነው? ከአንድ ሰው ጋር በጀልባ ትመላለሳለህ ይሉኛል› አለው። ‹መልኩም ወደ ሴት እየሄደ ነው ይባላል› አለው። ልጁ ያንን ቀልድ ተናገረ፤ ‹ቆርቆሮው ተቀባ እንጂ ዘይቱ ያው ነው፣ አባቴ፣ እንዲህ ያለውን እኔ ለጨዋታ እንጂ…› ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።»

«የማንን ስም ጠሩ?»

«አልሰማሁም» አለና የጸዳውን ማሽን መጥረግ ጀመረ። «ዘይት ቤት ያረጀ ሰው ያየውን ክዳን ሁሉ አይከፍትም።»

ሰምቷል። ያንን ሰምቶ ነው በምሳ ላይ ለሳቅ የተጠቀመበት። በዚያው አፉ ደግሞ ቀሚስም ትልበስ ይላል። ልጠላው ፈለግኩ፤ ጥላቻዬ ግን እርሱ ላይ አላርፍ አለ። አንድ ዓይነት ሽታ በሁሉም ጠርሙስ ውስጥ ሲገኝ ጠርሙሶቹን አይወቅሱም፤ የተቀዳበትን ታንከር ይፈልጋሉ። እኔ ሰማያዊውን ብርጭቆ ለእነዚህ አድርሼ ለዋናው ሰው ሳላቀርብ ቀርቻለሁ።

ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጣሁ። እዚያው ተቀመጥኩ። እንባ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። የመጣው ሳቅ ነበር፣ የማይጣፍጥ።

✻

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ታይላንን ጀልባዋ ከምትቆምበት አጠገብ ቀጠርኩት። አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተዋል። ሲመጣ አየሁት፤ ያ ረጅም ኮቱ፣ ያ ቀስ ያለ አረማመዱ። ልብ የሚባል ነገር ደደብ ነው።

ፈተና አቀረብኩለት። ምንም እንዳላወቅኩ ሆኜ፣ ፈገግ ብዬ፣

«ደስ ይበልህ» አልኩት። «ሰዎቹን ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሪፋት ሥራዋን ካወቀች ግድ የለኝም አለ። ሙኔቬር ዱዓ ታደርጋለች። ጎንጃም አትቃወምም። ሰኞ ክንዴን ይዘህ ታስገባኛለህ።»

ፊቱን አየሁ። ሥራዬ ነው ማየት።

በዓመት አንዴ ከኢስታንቡል የሚመጣ አንድ ዘይት ገዢ አለን። ጉድለት ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ዋጋ ለመስበር። ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው ከንፈሩ ይወርዳል። ያንኑ ከንፈር አየሁ፤ በምወደው ሰው ፊት ላይ።

«ሪፋት እንዲህ አለ?» አለኝ። «እርግጠኛ ነሽ? አፉ አይታመንም እኮ። ሁለቱ ወንድማማቾችስ?»

«እነሱን አልጠየቅኳቸውም።»

«አየሽ!» ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። «እነሱ አይቀበሉሽም። አውቃቸዋለሁ። እነሱ ካሉ አይሆንም።»

«ታይላን፣ እንዲቀበሉኝ ነው ወይስ እንዳይቀበሉኝ የምትጸልየው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቆርቆሮው ተቀባ እንጂ ዘይቱ ያው ነው ማለቴ ነው።»

ባሕሩን አየ። ጀልባው ላይ በዚያን ቀን እንዳየው፣ ረጅም፣ ረጅም አስተያየት። ያን ጊዜ ፍቅር ብዬ ያነበብኩት ዝምታ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ቃል የሚፈልግ ሰው ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ቆንጆ ቃል አገኘ። ዛሬ አላገኘም።

«ፈርቼ ነው!» አለ በመጨረሻ። «አባቴን አታውቂውም። ውርሴን፣ ስሜን፣ ሁሉን ነገር… ለእኛ ስል ነው የተናገርኩት። እንዳይጠረጥር!»

«እሺ፣ አባትህ ፊት ፈራህ። ምሳ ላይስ? ምሳ ላይ አባትህ አልነበሩም። ሪፋት ያንን ሲል ሳቅህ። ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ለእኔ ያለቀስክ መስሎኝ፣ ላባብልህ ነበር እኮ!»

«ኢልካይ…»

«የእነሱን ጥላቻ የፈለግከው አንተ ነህ። እነሱ ቢያባርሩኝ አንተ አላባረርከኝም ማለት ነዋ። ሰዎቹን እንወቅ ስትለኝ እነሱ በአንተ ቦታ እንቢ እንዲሉኝ ነበር። የራስህን አንዲት ‹አይሆንም› ለማለት እንኳ ሰው ቀጥረሃል፤ የሀብታም ልጅ!»

እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ቁልፍ ነበር።

«የኢዝሚሩ ቤት ነው» አለ፤ አሁን በእውነት ያለቅስ ነበር። «ተከራይቼዋለሁ። መጋረጃውን አንቺ የወደድሽውን ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። በአሏህ ስም እምልልሻለሁ፣ እወድሻለሁ።»

የከፋው ነገር ይህ ነው፤ አመንኩት። ውሸታም ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። ይወደኛል። በጨለማ፣ በተከራየው ግድግዳ ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከልቡ ይወደኛል።

«ከብርሃን መሸሸግ የሚያምርበት ዘይት ብቻ ነው፣ ታይላን» አልኩት። «ቁልፍህን ለሙሽራህ ስጣት። ባሕር የሚታይበት ቤት ትወዳለች።»

ትቼው ስሄድ አልተከተለኝም። አጥማጆቹ ያዩ ነበርና። ጀርባዬ ግን መንገዱን ሁሉ ይጠብቀው ነበር፤ አንዲት እጅ፣ አንዲት «ቆይ» የምትል ቃል። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይሞቃል፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያልፈኝ ደግሞ በሙቀቴ አፍራለሁ።

✻

ሰኞ ክንዴን የያዘ ሰው አልነበረም። ቀላል ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ጋወን ለብሼ በዋናው በር ገባሁ። ዘበኛው «እ… እ…» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ቡድኑ ከለላው ውስጥ ሳይገባ በፊት ሰበሰብኳቸው።

«ሴት ነኝ» አልኳቸው። «ቀድሞም ነበርኩ። ስሜ ያው ኢልካይ ነው። የቅምሻው ሰዓትም ያው ነው። አስተያየት ያለው ለራሱ ይያዘው፤ አልጠየቅኩም።»

ታላቁ ወንድም ጋወኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ወረወረና ወጣ። ታናሹ የወንድሙን ፊት አየ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ወንድሙን ተከተለ። የራሱ የሆነ ነገር አንድም ቀን ታይቶበት የማያውቅ ልጅ ነው።

ጎንጃ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ቀረች። እትዬ ሙኔቬር ግን ወደ እኔ መጥታ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ።

«ያቺ ቡርሳ ያለችው የአጎትሽ ልጅ…»

«የለችም፣ እትዬ።»

«የለችም?» ወገቧን ያዘች። «ያንን ሁሉ ዱዓ ላልተወለደች ሴት ነዋ ያቃጠልኩት! ጉልበቴ እስኪላጥ!» ከዚያ ቀሚሴን ከትከሻዬ ላይ በሁለት ጣቷ ጎተት አደረገችው። «ስፌቱም አያምርም። ማነው የሸጠልሽ? አጭበርብሮሻል።»

«እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ጋሽ ሪፋት ከኋላ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ። ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ፤ አሁንም የእርሱን ፊት ለመቅዳት። ይህን አይቼ ናቅኋቸው፤ ሁሉንም፣ እርሱንም ጨምሬ። «ሽማግሌው ስትገቢ በመስኮት አይቶሻል፤ ነገ ጠዋት ቢሮው ይፈልግሻል፤ መልእክቱን እኔ ነኝ የያዝኩት። ካባረረሽ… የኔን ታንከር ማን ያሸትልኛል?»

የሳቀም ያልሳቀም ነበር። ጎንጃ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቁ ትክክል ይሁን አይሁን ለማወቅ ዙሪያዋን ቃኘች። ወዳጅ አልነበሩም። ጠላትም አልነበሩም። ፈሪ፣ ወሬኛ፣ ለጥቅማቸው የሚያድሩ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በእነርሱ መካከል እህል ልበላ፣ ልሠራ፣ ላረጅ ነው የቆረጥኩት። ነገ ቢሮው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ግን ከመካከላቸው አንዱም «እወድሻለሁ» ብሎ አታሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ በበሩ መስታወት በኩል አየሁት።

ታይላን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ያንኑ ረጅም ኮት ለብሷል። ዓይኑ ቀይ ነው፤ ሌሊቱን አልተኛም። እኔን በቀሚስ፣ በቀን ብርሃን ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እጁ የበሩን እጀታ ያዘ። ከኋላው ግን ከቢሮ የሚወርድ የአባቱ ድምፅ ተሰማ፤ ያውም ከሩቅ። እጁ እጀታውን ለቀቀ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲለቁ አየሁ።

በሙሉ ነፍሴ ናቅሁት።

ልቤ ግን፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ያንን ኮት ባየች ጊዜ እንደ ልማዷ ዘለለች። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ፋብሪካውን ሙሉ የናቅሁ እኔ፣ ከሁሉም ይልቅ የምንቀው ነገር በገዛ ደረቴ ውስጥ ሲፈራገጥ ቆሜ አዳመጥኩ። «ዝም በይ» አላልኳትም። ስትፈልግ ትዝለል። እርሱ ትንፋሹ ባደበዘዘው መስታወት ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኔን ከዓይኑ አላነሣሁም፤ ያፈረውም እኔ አልነበርኩም።